ከአቧራ የተጠበቀው መለኪያ

አንድ የእህል መጋዘን ዘበኛ ነበረ። ዘርጋው ይባላል። ሌሊት መጋዘኑን ይጠብቃል፣ ቀን ቤቱ ይውላል። ጸሎቱን የማያስታጉል፣ የሰው አደራ በልቶ የማያውቅ ሰው ነው። የሚኖርባት መንደር ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ከተማ ልሁን ልሁን ትል ነበርና፣ ለመንገዱና ለፎቁ ድንጋይ የሚፈጭ ክሬሸር ከቤቶቹ በላይ ተተከለ። ጠዋት ክሬሸሩ ሲነሳ ነጭ አቧራ ይወርዳል። ጎመኑ ነጭ፣ ጣራው ነጭ፣ የሰው ቅንድብ ሳይቀር ነጭ ይሆናል። የዘርጋው ሚስት ታየች ሳል ከያዛት ሁለተኛ ዓመቷ ነው።

ይህን የሰማ አንድ ተመራማሪ መጣ። መንደሩ የሚተነፍሰው አየር ሰውን ይጎዳ እንደሆነ ሊያጠና ነው። ሳጥን የምታህል መለኪያ በዘርጋው አጥር ላይ ሰቀለና፣

"ጋሼ፣ ይቺ ዕቃ ብትበላሽ ምትክ የለኝም። አደራ" አለው።

"አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ። ዓይኔን ከሷ አልነቅልም ልጄ" አለ ዘርጋው።

አልነቀለምም። ጠዋት ክሬሸሩ መጮኽ ሲጀምር ሮጦ በላስቲክ ይጠቀልላታል፣ አፏን በሲባጎ ጥብቅ አድርጎ ያስራል። አመሻሹ ላይ ክሬሸሩ ሲቆም ይፈታታል፣ በንጹሕ ጨርቅም ይወለውላታል። ታየች ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ታየውና፣ "አንተ ሰውዬ፣ ለኔም እንዲህ ያለ ላስቲክ ብትፈልግልኝ ምናለበት?" ትለዋለች። ይሳሳቃሉ። ሳቋ ግን ሳይጨርስ ሳል ይሆናል።

ተመራማሪው የሚመጣው እሑድ እሑድ ነበር፤ በሥራ ቀን መንገዱን ገልባጭ መኪና ይዘጋዋል። እሑድ ደግሞ ክሬሸሩ ያርፋል። መለኪያዋን ጸድታ ስታበራ ያገኛትና፣ "እንደ እርስዎ ያለ ጠባቂ በየመንደሩ ባገኝ ምን ነበረበት" ይላል። ዘርጋውም ማታ ሲጸልይ፣ "በአደራዬ ያላሳፈርከኝ አምላክ፣ ተመስገን" ይላል።

አራት ወር ሞላና በቀበሌው አዳራሽ ስብሰባ ተጠራ። የክሬሸሩ ባለቤት ፊት ለፊት ተቀምጧል። የቀበሌው ሹም ማኅተሙን ጠረጴዛው ላይ አኑሯል። ተመራማሪው ወረቀቱን አነበበ፤ የአየሩ አቧራ ጥቂት ነው፣ ሰው አይጎዳም ይላል። ባለቤቱ ወዲያው ሁለተኛ ክሬሸር ልትከል አለ፤ ይኼኛው ደግሞ ከቤቶቹ በታች።

"ታዲያ ልጆቻችን ምን ሆነው ነው ሌሊቱን ሙሉ የሚያስሉት?" አለች አንዲት እናት።

"ብርድ ነው እመቤት፣ ደረብ አድርጊላቸው" አለ የክሬሸሩ ባለቤት። ከኋላው ያሉት ሳቁ።

ዘርጋው ግን ወደ ተመራማሪው ዞረ። እስከዛሬ ጠይቆ የማያውቀውን ጠየቀ።

"ዶክተር፣ ይቺ ዕቃ አቧራውን የምታውቀው በምን ብልሃት ነው?"

"በአፏ ስባ ነው ጋሼ። እንደኛው ትተነፍሳለች።"

ዘርጋው ላስቲኩና ሲባጎው ትዝ አሉት። ዝም ቢል የሚያውቅ የለም፤ ስሙ እንደተከበረ ይኖራል። ቢናገር የመንደር መሳቂያ ነው፤ ክፉ ሰው ደግሞ ሆን ብሎ ነው ይለዋል። ሹሙ የሁለተኛውን ክሬሸር ፈቃድ ሊያትም ማኅተሙን ቀለም አስነካ። ከኋላ ወንበር የታየች ሳል ተሰማ። ዘርጋው በስመ አብ ብሎ ተነሣ።

"ጌታዬ፣ ማኅተሙን ያዙልኝ። አቧራው በሚወርድበት ሰዓት አፏን የማስረው እኔ ነኝ።"



"ማን ገዝቶህ ነው?" አለ የክሬሸሩ ባለቤት።

"ማንም። አደራ ተባልኩ። አቧራ እንዳይነካት ጠበቅኋት።"

አንዳንዱ ሳቀ፣ አንዳንዱ ከንፈሩን መጠጠ። ተመራማሪው ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና፣ "ጥፋቱ የኔ ነው" አለ። "ዕቃዋን አደራ አልኩዎት እንጂ ሥራዋን አልነገርኩዎትም። በአቧራ መንደር ውስጥ እንዴት ስታበራ ከረመች ብዬም አልጠየቅሁም፤ አመስግኜ ብቻ ሄድኩ።"

ያን ዕለት ማኅተም አልተመታም። ልኬቱ እንደ አዲስ ተጀመረ። በመለኪያዋ ሆድ ያለው፣ የሳበችው አቧራ የሚያርፍበት ነጭ ወረቀት ሳምንት ሳይሞላው እንደ አመድ ሆነ። ሁለተኛው ክሬሸር ቀረ፤ የመጀመሪያውም ድንጋዩን ውኃ እያጠጣ እንዲፈጭ ታዘዘ። የባከኑትን አራት ወራት ግን የመለሰ የለም። ታየች ዛሬም ዳገት አትወጣም።

ወገኖቼ፣ የተሰጠንን ዕቃ እየወለወልን የተሰጠበትን ጉዳይ ያፈንን ብዙ ነን። የተማረው ላልተማረው ምክንያቱን ይንገር፤ ያልተማረውም ለመጠየቅ አይፈር። የተሳሳተ ደግሞ ማኅተሙ ከማረፉ በፊት ይነሣ፤ እፍረቱ ያልፋል፣ የሰው እስትንፋስ ግን ካለፈ አይመለስም።

እርስዎስ ጥብቅ አድርገው የያዙትን አደራ፣ ለምን እንደተሰጠዎት ጠይቀው ያውቃሉ?