ከወንድም ቤት የመጣ ምሰሶ

አንድ ሰው ነበረ። ጎጆው በአንድ ምሰሶ የቆመች ነበረች። አንቺ ልጄ፣ መልስ ፈልጌ ብመጣ ተረት ያወራልኛል ብለሽ አታኩርፊ። «አባ፣ ወንድሜ በሰጠኝ ኩላሊት ነው የቆምኩት፤ ሰውነቴ ኩላሊቱን እንዳይገፋው የምውጠው መድኃኒት ግን ፊቴን አሳበጠው፤ መስታወት ሳይ እኔ አይደለሁም። መድኃኒቱን ባቆመው ኃጢአት ይሆንብኛል?» ብለሽ ጠየቅሽኝ፤ ሰማሁሽ። አሁን ደግሞ እኔን ስሚኝ።

የዚህ ሰው ምሰሶ ከውስጥ በስብሶ ኖሮ አንድ ክረምት ተሰነጠቀ። ጣሪያው አዘነበለ። ጎረቤቱ ሁሉ ከንፈሩን መጠጠ፤ ምሰሶ ያመጣ ግን የለም። የታናሽ ወንድሙ ቤት ሁለት ምሰሶ ነበረው። ወንድምየው አላንገራገረም፤ አንዱን ነቅሎ በትከሻው ተሸክሞ አመጣለት። ሲተክሉት ያየ አንድ ሽማግሌ አናጢ ሰውየውን አስጠነቀቀው። ይህ የሌላ ቤት እንጨት ነው፣ ምስጥ ቶሎ ይደፍረዋል፤ አጠገቡ እሳት አይጥፋ፣ የሚጠብቀው ጢሱ ነው አለው።

ሰውየው እሳቱን አነደደ፤ ቤቱም ቆመ። ጢሱ ግን ግድግዳውን አጠቆረው፤ ከጣሪያው ጥቀርሻ ይንጠለጠል ጀመር። ድሮ በነጭ አፈር የተለቀለቀ፣ መንገደኛ ቆሞ የሚያየው ቤት ነበር። አሁን እንግዳ ሲመጣበት ደጅ ላይ ያስቀምጠዋል። ሰው ደግሞ ሳያውቅ ይወጋል፤ ጢሱን ከሩቅ እያዩ መቼም ያንተ ቤት ድግስ አያጣም ይሉታል። አብሯቸው ይስቅና ገብቶ ያለቅሳል። ለወንድሙ እንኳ አልነገረውም። ምሰሶውን ነቅሎ ለሰጠ ሰው ስለ ጥቀርሻ ማማረር አሳፈረው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ ይቺን ልብ በይልኝ።

ልጁን ሊድር ቀን ቆረጠ። እንግዳው ቤቱን እንደ ድሮው እንዲያይለት ፈለገ። ስለዚህ እሳቱን በውኃ አጠፋው፤ ግድግዳውን ፍቆ በነጭ አፈር ለቀለቀው። አማረ። አልዋሽሽም፣ አማረ። የመጣው ሁሉ አደነቀለት። እሱም ደስ ስላለው ከሠርጉ በኋላ እሳቱን መልሶ አላነደደም፤ ነገ፣ ከነገ ወዲያ እያለ በጋው አለፈ። ምስጥ ድምፅ የለውም። ምሰሶውን ከውጭ ሳይነካ ከውስጥ በላው።

ክረምት ሲገባ ቤቱ ወደቀ። ሰውየውን ከፍርስራሹ ያወጣው ያው ወንድሙ ነው። ምሰሶውን ቢያነሳው እጁ ላይ እንደ ዱቄት ፈረሰ። ዱቄቱን ከእጁ አራገፈና፣ «ሌላ የለኝም ወንድሜ» አለው። «የቀረኝ አንድ ነው፤ ልጆቼ ከሥሩ ነው የሚተኙት። ጥቀርሻው እንዲህ ካስለቀሰህ ለምን አልነገርከኝም? አብረን እንጠርገው ነበር።»

ሰውየው ቀሪ ዘመኑን በሰው ቤት ጥግ እያደረ ጨረሰ።

ትርሲት ልጄ፣ ምሰሶው የወንድምሽ ኩላሊት ነው። ጢሱ መድኃኒትሽ ነው፤ ያጠቁራል፣ ግን ያቆማል። ገበያ ላይ «ወፈርሽ እኮ፣ ተመችቶሻል» የሚሉሽ ሰዎች ክፋት የላቸውም፤ አያውቁም። እንደሚያምሽ ግን እኔ አውቃለሁ። ነፍስሽ ተርፋልሽ ስለ ፊትሽ ታለቅሻለሽ ወይ የሚልሽ ካለ፣ እሱ ጢስ ቤት ኖሮ አያውቅም። አልቅሺ። ግን ለብቻሽ አይሁን። ለወንድምሽ ንገሪው። ለሐኪምሽም ንገሪው፤ እሳቱ ይቀነስ ከተባለም የሚቀንሰው እሱ ነው እንጂ አንቺ አይደለሽም።

ኃጢአት ነው ወይ ብለሻል። እኔን ያስፈራኝ ኃጢአቱ አይደለም፤ የቤቱ መውደቅ ነው። እውነቱን ንገሪኝ፤ መድኃኒቱን መጨረሻ የዋጥሽው መቼ ነው?

ነጠላሽን ፊትሽ ላይ ሳብሽው፤ አቁመሽዋል ማለት ነው። ወይ ልጄ።

በይ ተነሺ፤ ሐኪምሽ ዘንድ አሁኑኑ አብሬሽ እሄዳለሁ። ወንድምሽንም በመንገዳችን እንጠራዋለን። ነጠላውን ከፊትሽ ላይ አውርጂው። እኔ ስትመጪ ገና ከበሩ ነው ያወቅሁሽ።