ለዋናው መደብ የተወዳደሩት

አንድ ቀን ጠዋት ደሴ፣ ወይዘሮ እቴነሽ ቤት ስልክ ጮኸ። የደወለው ከባሏ መሥሪያ ቤት አንድ ሰውዬ ነበር። «የአቶ ቢሻው ባለቤት ነዎት? የዋናው የኤሌክትሮኒክ ሰርኪዩት ንድፍ አውጪ?» አላት። ማዕረጉ ሲጠራ ሳቋ አመለጣት። «አዎ፣ ነኝ» አለች እየሳቀች። መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ያ ሰውዬ ግን ነገራት። ቢሻው ከሥራ ጠረጴዛው ላይ እንደተደፋ ቀርቷል።

በመርዶዋ ቀን መሳቋን ሰምተው ያዘኑባት አሉ። የዚያን ማዕረግ አመጣጥ ቢያውቁ ኖሮ እነሱም ይስቁ ነበር።

ቢሻው ኮምቦልቻ ውስጥ ስታብላይዘር በሚያመርት ድርጅት ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቷል። መብራት ሲዋዥቅ ፍሪጅና ቴሌቪዥን እንዳይቃጠል የሚጠብቀው ያ ሳጥን፣ በሆዱ ውስጥ ያለው የሽቦ መንገድ ሁሉ በቢሻው እርሳስ የተሰመረ ነበር። የሥራ መጠሪያው ግን ሲቀጠር እንደተጻፈው «ራዲዮ ጠጋኝ» እንደሆነ ቀረ። በኋላ ኢንጂነር አጥናፍሰገድ የሚባል አለቃ መጣበት። ሰውየው «አቶ አጥናፍሰገድ» ብለው ቢጠሩት ዞር ብሎም አያይ። ሥራው የቢሻውን ንድፍ በኮምፒውተር ገልብጦ ከግርጌው የራሱን ስም መጻፍ ነበር።

ከዚያ መዋቅር መጣ። በኛ አገር መዋቅር ሲመጣ መጀመሪያ የሚለወጠው ሥራው ሳይሆን የሥራው ስም ነው። ሥራ አስኪያጇ ወይዘሮ ትርሲት ሠራተኛውን ሰብስበው ምደባ ጀመሩ። ኢንጂነሩ ያዘጋጀውን ዝርዝር አነበበ፤ ለራሱ «ዋና የኤሌክትሮኒክ ሰርኪዩት ንድፍ አውጪ»፣ ለቢሻው «በያጅ፣ ደረጃ ሁለት»። የብየዳ ማሽን ስለተገዛ በያጆች በወሩ መጨረሻ እንደሚሰናበቱ ደግሞ እዚያ ቤት ያልሰማ አልነበረም።

«የሚነድፈው አቶ ቢሻው ነው ሲባል ሰምቼ ነበር እኮ» አሉ ወይዘሮ ትርሲት።

«ወሬ ነው! እሱ ያቀልጣል፣ ያጣብቃል። መንደፍ ጭንቅላት ይፈልጋል» አለ ኢንጂነሩ።

«ታዲያ ባለፈው ሳምንት ያወጣናቸው ስታብላይዘሮች ገና ሶኬት ሲነኩ ለምን ጧ አሉ?»

«የብየዳ ስሕተት ነዋ!» አለና ጣቱን ወደ ቢሻው ቀሰረ። «ይኸው ጥፋተኛው። ንድፌ እንከን የለውም።»

ቢሻው ቀስ ብሎ ተነሣ።

«አንድ ነገር ልጠይቅ። ኢንጂነር፣ እዚህ ንድፍዎ ላይ ሁለት መስመሮች በሚተላለፉበት ቦታ ጥቁር ነጥብ አለች። ምንድን ናት?»

ኢንጂነሩ ከት ብሎ ሳቀ። «አያችሁልኝ? ፊደሉን እንኳ አልቆጠረም! ስማኝ፣ መስመር በመስመር ላይ ሲያልፍ ነጥብ ከሌለ ሽቦዎቹ አይነካኩም። ነጥብ ካለ ይገናኛሉ።»

«እሱንስ አውቃለሁ። እዚህ ጋ ለምን እንዲገናኙ አደረጉ?»

«ይህች ነጥብ የንድፉ እምብርት ናት! ሦስት ቀን ሙሉ አስቤባታለሁ። አንተ ዕድሜ ልክህን ብታስብ አትደርስባትም።»

«ሦስት ቀን?»

«ሦስት ቀን!»

ቢሻው ከደረት ኪሱ የታጠፈ ወረቀት አወጣ፤ ስታብላይዘሮቹ የፈነዱ ዕለት ከመሳቢያው ፈልጎ ያገኘው የራሱ የእርሳስ ሥራ ነው። ወይዘሮ ትርሲት ፊት ዘረጋው። መስመሩ ሁሉ ከኢንጂነሩ ንድፍ ጋር አንድ ነው፤ ቀኑ ግን በሁለት ወር ይቀድማል። ጥቁሯም ነጥብ በቦታዋ አለች። ቢሻው በጥፍሩ ጫር አደረጋት። ነጥቧ ተፈርፍራ ወደቀችና ከሥሯ ሳይነካኩ የሚተላለፉት ሁለት መስመሮች ብቻ ቀሩ።

«ወይዘሮ ትርሲት፣» አለ፣ «መስመሩን ያሰመርኩት እኔ ነኝ። ነጥቧን የጨመረችው ወረቀቴ ላይ አርፋ የተጸዳዳች ዝንብ ናት። እንግዲህ ለዋናው መደብ እኔንና ዝንቧን አወዳድሩን፤ ኢንጂነሩ ውድድሩ ውስጥ የሉበትም!»

ስብሰባው በሳቅ ፈረሰ። ወይዘሮ ትርሲት እንባቸውን እየጠረጉ ቃለ ጉባኤው ላይ በገዛ እጃቸው እንዲህ ብለው ጻፉ፦ «ሁለተኛዋ ተወዳዳሪ በሰዓቱ ስላልቀረበች መደቡ ለአቶ ቢሻው ተሰጥቷል።»

ይህን አንብባችሁ የሳቃችሁ ሁሉ፣ ሳቃችሁ ሲያበቃ ለቢሻው ነፍስ አንድ አቡነ ዘበሰማያት ድገሙለት።