የደብሪቱ ቅጠል

አንድ ቃል ብጨምር ዕድሜዬ ይጠር፤ የምነግራችሁ ሁሉ ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው።

አንድ አንለይ የሚባል ሸማኔ ነበር። ሥራው ከመቅጠኑ የተነሣ፣ እሱ የሠራውን ነጠላ የለበሰ ሰው ነፋስ ሲነሣ ድንጋይ ታቅፎ ነበር የሚሄደው። ሚስቱ ደብሪቱ ደግሞ ፈታይ ነበረች። የእሷን ፈትል ያዩ ሸረሪቶች አፍረው ሙያቸውን ትተዋል።

ልጃቸው ከወንዝ ማዶ ባለ መንደር ወንድ ልጅ ወለደች፤ የመጀመሪያ የልጅ ልጃቸው ነው። ደብሪቱ አራሷን ልትጠብቅ ስትነሣ ሦስት ልቃቂት ፈትል ለባሏ አስረከበችው።

«ዓመት ሙሉ የፈተልሁት ነው፤ ሌላ የለኝም። ለሕፃኑ ጋቢ አንዱ ይበቃል። በአርባ ቀኑ ክርስትና ሲነሣ ያንተን እጅ ሥራ ለብሶ ይነሣ። የቀረው ላንተው ነው፤ ብርድ አይምታህ።»

«አንቺ አራሷን ጠብቂ፤ ጋቢውን ለእኔ ተይው» አለ አንለይ ደረቱን ነፍቶ።

ሸማኔ ድሩ እንዳይበጠስበት ከዱቄት የተፈላ ሙቅ ያጠጣዋል። አንለይ ለልጅ ልጁ ነውና ሙቁን ማንኪያ ቢተክሉበት ቀጥ ብሎ እስኪቆም ድረስ አወፈረው። ድሩን ነከረ፣ አደረቀ፣ ወጠረ። የተረፈውን ሙቅ ከነድስቱ፣ ሲሸምን እግሩን ከሚያወርድበት ጉድጓድ አጠገብ ትቶት ተኛ። ጠዋት ሲነሣ ድሩ እንደ ገለባ ተበጣጥሷል። አይጥ!

አንለይ ራሱን ያዘ። በሠላሳ ዓመት ትዳሩ ቤቱ ውስጥ አይጥ አይቶ አያውቅም። ቢያስብ ቢያስብ አንድ ነገር ትዝ አለው፤ ደብሪቱ በበሩ መቃን ላይ ሁልጊዜ አንድ እስር ቅጠል ታንጠለጥል ነበር። አሁን ቅጠሉ ደርቆ ረግፏል። «አይጡን የሚያባርረው ለካ ያ ነው!» አለ። ምን ቅጠል እንደሆነ ግን በሠላሳ ዓመት አንድ ቀን ጠይቆ አያውቅም።

ገበያ ወርዶ ቅጠል ሻጯን ባልቴት ጠየቃት።

«እማማ፣ ሚስቴ የምትወስደው ቅጠል የትኛው ነው?»

«ሚስትህን እኔ ልወቅልህ እንዴ? ምን ምን ይላል?»

«ደስ ደስ ይላል።»

«ልጄ፣ እዚህ የዘረጋሁት ሁሉ ደስ ይላል። ደስ የማይለው ገበያተኛዬን ከልለህ መቆምህ ብቻ ነው!» ብላ ከየዓይነቱ አሸከመችው።

ጤና አዳሙን፣ ናናውን፣ ኮሰረቱን፣ አሪቲውን፣ ጠጅ ሳሩን በየማእዘኑ አንጠለጠለ። ይህ አልበቃ ብሎት ነጭ ሽንኩርት ወቅጦ ግድግዳውን ለቀለቀው። ከዚያ ሁለተኛውን ልቃቂት ያንኑ ወፍራም ሙቅ አጠጥቶ ወጠረ። ሽታውማ ምን ልበላችሁ! ደመና መንደሩ ላይ ሲደርስ አፍንጫውን ይዞ በጎን ዞሮ አለፈ። የጎረቤት ላም አይቧ ያለ ቅመም ተበላ። የንስሐ አባቱ ጠበል ሊረጩለት መጥተው ከአጥር ውጭ ረጭተው ተመለሱ። አይጦቹስ? አይጦቹ ሦስት ሦስት ጊዜ አስነጠሱና ሙቅ የጠጣውን ድር በናና እያጣጣሙ ቆረጠሙት።

ጎረቤቱ አያ ሙጬ ከአጥር ማዶ ብቅ አለ።

«አንተ አንለይ፣ አይጥ ልታስወጣ ነው ወይስ ለአይጥ ወጥ ልትሠራ?»

አንለይ አልሳቀም። ለክርስትናው ስምንት ቀን ቀርቷል፤ የቀረውም አንድ ልቃቂት ነው። ያቺን እንደ ሕፃን ታቅፎ ተቀመጠ። ቢወጥራት አይጥ ይበላታል፤ ባይወጥራት የልጅ ልጁ በሰው እጅ ሥራ ክርስትና ይነሣል። ደብሪቱን በምን ዓይኑ ያያታል?

በማግስቱ ደብሪቱ ራሷ ከበሩ ቆመች። ሽታው ወንዙን ተሻግሮ ቢደርሳት ባሌን ምን አገኘብኝ ብላ በሩጫ መጥታለች።

«አንተ ሰውዬ፣ ምን ሆነሃል?»

«ቅጠልሽ ጠፋኝ» አለ። የሆነውን ሁሉ ነገራት።

ደብሪቱ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ከዚያ አፍንጫዋን አቅንታ ወደ ውስጥ ገባች። ጤና አዳሙን አለፈች፤ ሽንኩርቱን አለፈች፤ ጉድጓዱ አጠገብ ስትደርስ በርከክ አለች። ድስቱ እንደተተወ ነው። የፈሰሰው ሙቅ ወለሉ ላይ ተጋግሮ ኮምጥጧል፤ ከጥጉም የአይጥ ቀዳዳ አፉን ከፍቷል።

«ይኼ አይሸትህም?»

«ምኑ?»

«ሙቁ ነዋ!»

«ሙቅማ ሠላሳ ዓመት አብሬው ኖሬ ምን ብሎ ይሸተኛል?»

«እኔ ወር ከርሜ ብመጣ አፍንጫዬን ሊነቅለው ነው» አለች። «ስማኝ፤ ቅጠሉ ጤና አዳም ነው። እሱ ግን የደጅ ዘበኛ ነው። አንተ ውስጥ ድግስ ደግሰህ ዘበኛው እንግዳውን በምን አቅሙ ይመልስልህ? እኔ በየምሽቱ ድስቱን አጥቤ፣ ወለሉን ጠርጌ፣ ቀዳዳውን በጭቃና በእሾህ ደፍኜ ነበር ቅጠሏን የማንጠለጥላት።»

አንለይ ወዲያው «እውነትሽን ነው፤ ቅጠሉን አየሁ፣ አንቺን ግን አላየሁሽም» አላት። ተነሥቶም ድስቱን በገዛ እጁ አጠበ። እሷ ቀዳዳውን ደፈነች፤ እሱ ወለሉን ፋቀ። በበሩ መቃን ላይ አንዲት እስር ጤና አዳም ብቻ ቀረች። በሦስተኛው ቀን አይጦቹ ጓዛቸውን ጠቅልለው፣ ሽማግሌያቸውን መቋሚያ አስይዘው ከፊት አስቀድመው ሲሰደዱ አገር አይቷል። ሕፃኑም በአርባ ቀኑ፣ አንለይ ከመጨረሻዋ ልቃቂት የሸመነለትን፣ ጤና አዳም ጤና አዳም የሚል ነጭ ጋቢ ለብሶ ክርስትና ተነሣ።

ወዳጆቼ፣ መልካም ሽታ ክፉን ከደጅ ይመልሳል፤ ከውስጥ የሚጠራውን ግን አያፍንም። የሚያስወጣውን ከመፈለግ በፊት የሚያስገባውን ማየት ይቀድማል። የገዛ ቤቱ ሽታ ለባለቤቱ አይሸተውምና፣ ወዶ የሚነግረውን ሰው ያክብር። ለመሆኑ የእናንተን ቤት ሰላም የሚጠብቀው ቅጠሉ ነው ወይስ ቅጠሉን የሚያንጠለጥለው እጅ?

ዕድሜዬን ስለምወዳት አንዲት ትንሽ ነገር ልናዘዝ። ስለ ደመናውም፣ ስለ አይጦቹ ሽማግሌም ከነገርኋችሁ ፍንክች አልልም። አንለይ «እውነትሽን ነው» ያላት ወዲያው ነው ያልሁትን ግን ከራሴ ነው የጨመርሁት፤ ሁለት ቀን አኩርፎ ነበር።