የውኃ ዳኛው ጋቢ

በአንድ ወቅት፣ ዓመቱንና አንዳንዱን ነገር ተሳስቼ ይሆናል፣ በአንድ ሐይቅ ዳር የሸማኔዎች መንደር ነበረ። ክረምት ባለፈ ቁጥር የሐይቁ ስፋት በገመድ ይለካና በዚያው ልክ በአንድ ጋቢ ላይ፣ ከአምናው ጥለት ቀጥሎ፣ አዲስ ሰማያዊ ጥለት ይሸመናል። ሐይቁ ሲጠብ ጥለቱም ይጠባል። ጋቢውን የሚለብሰው የውኃ ዳኛ ነው፤ ከሐይቁ ማን እንደሚቀዳ የሚወስነው እሱ ብቻ ነው።

ዳኛው አቶ ተገኝ ሲሞቱ ከማዶ ያለው የአትክልት እርሻ ሳያስፈቅድ የውኃ መሳቢያ ሞተር ተከለ። ሐይቁም በአንድ ዓመት ውስጥ ሸሸ። አዲስ ዳኛ ከሦስቱ ልጆቻቸው ይመረጣል ተባለ፤ ከዚያ በፊት ግን የዓመቱ ጥለት መግባት ነበረበት።

ሰማያዊው ቀለም ከሐይቁ ዳር ሣር ሥር ነው የሚወጣው። የቀረው አንድ መደብ ብቻ ነበር። እንጉዳይ የምትባለው ሴት ልጃቸው ልትነቅለው ስታጎነብስ አንድ ዓሣ አጥማጅ አያት።

«አንቺ! ዓሣው የት ይፈልፈል?»

«በሌላ ቀለም ከዋሸሁ ማን ያምነናል?» አለችና ነቀለችው። ከዚያ ወዲህ መረቡ ባዶውን ይወጣ ጀመር።

ወንድሟ ደባሱ ሸማኔው ነው። ሽማግሌዎቹ መጥተው፣ «ልጄ፣ ጥለቱ ላይ ሁለት ጣት ጨምርበት፤ አለዚያ ሰው ይደነግጣል» አሉት።

«ገመዱን የያዛችሁት እናንተ አይደላችሁም እንዴ?» አላቸው። አንዲት ጣት የምታህል ጥለት ሸመነ። ጋቢው በተዘረጋ ሰሞን አሥራ አንድ ቤተሰብ ዕቃውን ጭኖ ሄደ። የራሱ ሚስትም ከነሱ ጋር ሄደች።

ታናሽ ወንድማቸው ጥሩሰው ለማንም ሳይናገር ጋቢውን ይዞ ወደ እርሻው ባለቤት ሄደ።

«ቆንጆ ነው፤ ሳሎኔ ውስጥ ልስቀለው» አለ ሰውዬው።

«ሞተሩን ያጥፉና ግማሹን ይውሰዱ።»

ሰፋፊ ጥለቶች ያሉበትን የጥንቱን ግማሽ ቆርጦ ሰጠው። ሞተሩ ዝም አለ፤ ሐይቁም ባለበት ቆመ። ሐይቁ ድሮ ምን ያህል እንደነበረ ለልጆች የሚያሳይ ነገር ግን ከመንደሩ ጠፋ።

ደባሱ፣ «አባታችንን ነው የቆረጥከው!» ብሎ ጮኸበት።

«አንተ ደግሞ ጨርቁን ጨምቀህ ውኃ ጠጣ እስቲ!»

ሽማግሌዎቹ ዳኛ ለመምረጥ ሦስት ቀን ተቀምጠው አልተስማሙም።

ወሬያቸውን ለመጨረሻ ጊዜ የሰማሁት በጥር ሚካኤል ማግስት ነው። የቀረውን ግማሽ ጋቢ ገና ማንም አልለበሰውም። ዳኛ ስለሌለ የሚከለክል የለም፤ በዚያን ዕለት ጠዋት ከማዶ የሞተር ድምፅ ተሰምቷል አሉ።

እንግዲህ እናንተ ፍረዱ፤ ጋቢው የሚገባው ለማን ነው?