የሾላ ምንጭ ገበጣ

ከሾላ ምንጭ ራስ ላይ፣ ውሃው ከዓለቱ ሥር ወጥቶ ወደ ሁለት ቦይ ከመከፈሉ በፊት፣ እንደ መደብ የተዘረጋ ጥቁር ድንጋይ አለ። በድንጋዩ ገጽ ላይ ስድስት በስድስት ሆነው ፊት ለፊት የሚተያዩ አሥራ ሁለት ጉድጓዶች ተፈልፍለዋል። የእያንዳንዱ ረድፍ ጉድጓዶች እርስ በርሳቸው በጣት በማይሞላ ቀጭን ቦይ የተያያዙ ናቸው፤ ይህ በሌላ አገር ገበጣ ላይ የማይታይ ነገር ስለሆነ እንግዳ ሁሉ «ይኼ ደግሞ ምን ያደርጋል?» ብሎ ሳይጠይቅ አያልፍም። በየዓመቱ የበጋው መስኖ ሲከፈት ከላይ ቤት መንደር አንድ ሰው፣ ከታች ቤት መንደር አንድ ሰው በድንጋዩ ግራና ቀኝ ተቀምጠው አንድ ዙር ገበጣ ሳይጫወቱ ውሃ አይለቀቅም። አጀማመሩም ለብቻው ነው። የላይ ቤቱ ሰው ከራሱ ረድፍ በመጨረሻው፣ በደረቁ ጉድጓድ ውስጥ አንዲት ጠጠር ይጥልና «ሞልቷል» ይላል። የታች ቤቱ «አልሞላም» ይለዋል። ያም መልሶ «ሞልቷል» ይላል። ከዚያ በኋላ ነው ጨዋታው።

ስለ ገበጣ አመጣጥ ብዙ አገር የየራሱን ይናገራል። የሾላ ምንጭ ሽማግሌዎች ግን ገበጣ የተወለደው በዚህ ድንጋይ ላይ ነው ይላሉ። በዘመኑ እንኳ አይስማሙም፤ አንዱ ከክፉ ቀን ጥቂት ቀደም ብሎ ነው ሲል፣ ሌላው የለም፣ ክፉ ቀን ከመምጣቱ ብዙ በፊት በሆነ ሌላ ድርቅ ነው ይላል። በነገሩ ግን ሁሉም አንድ ናቸው።

እንደሚነገረው፣ ድንጋዩ መጀመሪያ የጨዋታ አልነበረም፤ የውሃ መስፈሪያ ነበር። ላይ ቤትና ታች ቤት ከአንድ ምንጭ የሚጠጡ፣ በጋብቻም የተሳሰሩ፣ በውሃ ተራ ግን የማይተማመኑ ሁለት መንደሮች ነበሩ። ተራው በፀሐይ ጥላ ሲለካ ደመና በመጣ ቀን ጠብ ይነሣ ነበርና፣ ሽማግሌዎቹ ተመካክረው ለየመንደሩ ስድስት ስድስት ጉድጓድ አስፈለፈሉ። የላይ ቤት ተራ ሲሆን ትልቁ ውሃ ወደ ላይ ቤት ማሳ ይሄዳል፤ በሸምበቆ የተጠለፈ ቀጭን ውሃ ደግሞ በላይ ቤት ረድፍ መጀመሪያ ጉድጓድ ውስጥ ይወርዳል፤ ያ ሲሞላ ወደሚቀጥለው ይተርፋል፤ ስድስተኛው ሲሞላ ተራው ያበቃና ቦዩም ሸምበቆውም ወደ ታች ቤት ይዞራል። ይህን የሚጠብቅ ከየመንደሩ አንድ ሰው ይመረጥና ጣቱን በምንጩ ነክሮ «የመንደሬን ተራ ላላሳልፍ፣ የሌላውንም ላልሰርቅ» ብሎ ይምላል። አንድ ጉድጓድ በሞላ ቁጥር የባለ ተራው ጠባቂ ጠጠር ይጥልበታል። ጠጠር ከወደቀ በኋላ ክርክር የለም፤ ሕጉ ይኸው ነበር።

በዚያ ዘመን የላይ ቤት ጠባቂ ዘውገ የሚባል ወጣት ነበር። የተመረጠው ጉልበት ወይም አንደበት ስላለው አይደለም፤ ነገርን ደጋግሞ ሳያይ እጁን ስለማይሰነዝር ነው። በሩን ዘግቶ ከሄደ በኋላ ተመልሶ የሚያይ፣ ሰው ሰላም ብሎ ካለፈ በኋላ «ድምፄ ከብዷቸው ይሆን?» እያለ መንገዱን ሙሉ የሚጨነቅ ዓይነት ሰው ነበር ይባላል። ጉድጓዱ ሞልቶ ሲፈስ እያየ እንኳ ጎንበስ ብሎ አፉን ይመረምራል፣ ጣቱን ይነክራል፣ ጣቱን በልብሱ ጠርጎ እንደገና ይነክራል፤ ጠጠሯን የሚጥላት ከዚያ በኋላ ነው። ላይ ቤቶች በዚህ ይኮሩበት ነበር፤ የዘውገ ጠጠር ከወደቀ ውሃው በእርግጥ አለ።

ፊት ለፊቱ የሚቀመጠው የታች ቤት ጠባቂ ጓንጉል ነው። የዘውገ ታላቅ እኅት አትጠገብ ያገባችው የጓንጉልን ወንድም ስለነበር፣ ጓንጉል ዘውገን «አማቼ» እያለ ነበር የሚተርበው።

«አማቼ፣ ይኼ ጉድጓድ ሞልቶ፣ ፈስሶ፣ አርጅቶ ሊሞት ነው። አንተ ገና ታየዋለህ?»

«ትንሽ ቆይ።»

«የሠርግህ ቀንም እንዲሁ ልታደርግ ነው? ሙሽራዪቱን ደጅ አቁመህ፣ ዞረህ አይተህ፣ ጣትህን ጠርገህ…»

«ቆይ አልኩህ፣ ጓንጉል።»

ከዚያ ዝናቡ ቀረ። በሚቀጥለው ዓመትም ቀረ። ምንጩ እየቀጠነ ሄዶ፣ ሸምበቆው ውስጥ የሚያልፈው ውሃ ከመውረድ ወደ መንጠብጠብ ተለወጠ። አንዱን ጉድጓድ ለመሙላት ውሃው ቀኑን ሙሉ የሚፈጅበት ጊዜ መጣ። ጠባቂዎቹ ግን ከድንጋዩ አልራቁም፤ የቀረ ሰው መንደሩ ተራውን እንደለቀቀ ይቆጠር ነበርና።

አንድ ቀን ጓንጉል ተቀምጦ መዋሉ ቢሰለቸው፣ ከደረቀው ረድፉ ዳር ተከምረው ከነበሩት ጠጠሮች እፍኝ አንሥቶ በየጉድጓዱ አንዳንድ እያደረገ ይጥል ጀመር።

«ምን እያደረግህ ነው?» አለው ዘውገ።

«ማሳዬን እያጠጣሁ።»

ዘውገ ጠጠሮቹን ቆጠረና «እንዲያ ከሆነ በተራ ነው» አለ። ደግሞ ትንሽ አሰበና «የያዝከውን ጨርሰህ ሳትጥል መሐል ላይ ማቆም የለም» ብሎ ጨመረ። ጓንጉል ሳቀ። የጨዋታው ሕግ በእንዲህ ዓይነት ከዘውገ ጥንቃቄና ከጓንጉል ፌዝ ተዋልዶ የመጣ ነው ይላሉ። ጠጠሩ ከረድፉ ጫፍ ደርሶ እጁ ላይ ሲተርፍ ጓንጉል የተረፈውን በዘውገ ረድፍ ላይ መጣል ቀጠለ፤ ዘውገም «ቦዩ እኮ እዚያ ያልቃል» ብሎ ሊከለክለው ሞከረ።

«ውሃ መንደር ይለያል እንዴ?» አለ ጓንጉል።

ዘውገ «የጨዋታ ጠጠር ግን ለተራ አይቆጠርም» አለ፤ እሱም ሕግ ሆነ።

እንዲህ እየተጫወቱ ሲውሉ፣ አንድ ቀን ጠጠሩ ሁሉ በዘውገ በኩል ተከማችቶ የጓንጉል ረድፍ ባዶውን ቀረ። ጓንጉል እጁን አራግፎ «በቃ፣ አለቀ። ልተኛበት» አለና ጥላው ሥር ሊጋደም ተነሣ። ዘውገ ባዶውን ረድፍ ሲያይ ደስ አላለውም። የተሳሳተው ነገር ይኖር እንደሆነ ከመጀመሪያ ጀምሮ አስታወሰ፤ አልተሳሳተም። ከዚያ ከራሱ ረድፍ አፍሶ በጓንጉል ጉድጓዶች አንዳንድ ጣለ።

«ምነው? አሸንፈኸኝ የለም እንዴ?»

«አሸንፌሃለሁ። አሁን ምን ልሥራ?»

ጓንጉል ተመልሶ ተቀመጠ።

ጥቂት ሰንብቶ አትጠገብ ወደ ምንጩ ወጣች፤ ከአራስነት ገና መውጣቷ ነበር፤ ሕፃኗን በጀርባዋ አዝላለች። እናታቸው ቀድማ ስለሞተች ዘውገን ያሳደገችው እሷ ናት፤ ከእሷ በቀር ዘመድ አልነበረውም። ድንጋዩ አጠገብ ቆማ ጉድጓዶቹን አንድ በአንድ ተመለከተች።

«ተራችሁ መቼ ያልቃል?»

«ስድስተኛው ሲሞላ።»

«መቼ ይሞላል?»

ዘውገ ሲያየው ከርሟል፤ አምስተኛው ጉድጓድ ማለዳ አፉ ድረስ ይደርስና ሊተርፍ ሲል ፀሐይ ትጠጣዋለች። ወደ ስድስተኛው የተሻገረ ጠብታ አልነበረም። በዚህ ዓይነት የላይ ቤት ተራ ማለቂያ የለውም፤ ያለችው ጥቂት ውሃ ሁሉ ወደ ላይ ቤት ማሳ ስትሄድ ትኖራለች።

«የታች ቤት ሰው መክሯል» አለች አትጠገብ። «እስከ እሑድ ውሃ ካልወረደ ሁላችንም ወደ ቆላ ልንወርድ ነው። አንዳንዱ ደግሞ ከመሄዳችን በፊት በዱላ ይለይልን ይላል። መሐላህን አፍርስ ልልህ አልመጣሁም፤ በኋላ ሳትሰናበተኝ ሄደች እንዳትለኝ ነው።»

«እትዬ፣ ትንሽ ቆዪ» አለ ዘውገ።

«ሁልጊዜ ቆዪ ነው የምትለኝ» አለችና ፈገግ ብላ፣ ሕፃኑን ከጀርባዋ አውርዳ አሳየችው። አይቶም አልጠገበም። ከዚያ ተመልሳ ወረደች።

ዘውገ የውሃውን ክፍፍል ወደሚመሩት፣ የላይ ቤት የውሃ አባት ወደነበሩት ወደ አባ ድልነሳ ሄደ።

«አባ፣ ጉድጓዱ አይሞላም።»

«ሲሞላ እንለቃለን፣ ልጄ። ሕጉ የአባቶቻችን ነው።»

«አይሞላም ነው የምልዎ። ምንጩ ካልተመለሰ ዓመት ብንቀመጥ አይሞላም።»

«እንግዲያው እኛ አልከለከልናቸውም» አሉ አባ ድልነሳ። «የከለከላቸው ጉድጓዱ ነው።»

ዘውገ ይህን ነገር ሲያወጣና ሲያወርድ ሰነበተ። ያስቸገረው ስህተት አለማግኘቱ ነበር። ጠጠሮቹ ሁሉ በቦታቸው ወድቀዋል፤ ማንም ማንንም አልሰረቀም፤ ቢሆንም እኅቱ ልትሄድ ነው።

እሑድ ማለዳ ታች ቤቶች አህዮቻቸውን ጭነው፣ ሕፃናቱን ከጭነቱ ላይ አስቀምጠው በምንጩ በኩል መጡ። ወንዶቹ ዱላ ይዘዋል። ይህን የሰሙ ላይ ቤቶችም ዱላቸውን ይዘው ወጡ። ሁለቱ ጠባቂዎች መሐል ላይ ተቀምጠዋል። አምስተኛው ጉድጓድ አፉ ድረስ ደርሶ ቆሟል።

ያን ጊዜ ዘውገ በስድስተኛው ጉድጓድ ላይ ጎንበስ አለ። አፉን መረመረ። ጣቱን አስገባ፣ ጣቱን በልብሱ ጠረገ፣ እንደገና አስገባ። ከዚያ ጠጠር ጣለ። ደረቅ ጠጠር በደረቅ ድንጋይ ላይ ሲወድቅ ድምፁን ኋላ የቆሙት ሁሉ ሰሙት።

«ሞልቷል» አለ ዘውገ።

መጀመሪያ የተናገረው ጓንጉል ነበር።

«አልሞላም።»

የራሱ መንደር ሰዎች በቁጣ ዞሩበት። ጓንጉል ግን በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይቀልድ «አማቼ፣ አልሞላም። የሌላውን ላልሰርቅ ብዬ እኔም ምያለሁ» አለ።

«የላይ ቤትን ጉድጓድ የሚያየው የላይ ቤት ጠባቂ ነው» አለ ዘውገ። «ሞልቷል።»

አባ ድልነሳ በሰዉ መሐል አልፈው መጡና እጃቸውን ከጉድጓዱ አስገቡ። ጣታቸው አቧራ ለብሶ ወጣ።

«ዘውገ ልጄ፣ ይኼ አቧራ ነው።»

«አዎ፣ አባ።»

«ምለሃል።»

«ምያለሁ።»

«ታዲያ?»

ዘውገ አንደበተ ርቱዕ አልነበረም። ጥቂት ፈልጎ ያገኘው ይህን ነበር፦ «ባዶ ካደረግናቸው ነገ ፊት ለፊቴ ማን ይቀመጣል? ብቻችንን ከቀረን ተራ የለም። ተራ ከሌለ እኔ የማልኩት በምንድን ነው?»

አባ ድልነሳ ጉድጓዱን አዩ፣ የተጫኑትን አህዮች አዩ፣ ጣታቸውን አዩ። ሽማግሌው ያን ቀን ለምን እንዳደረጉት ማንም አልጠየቃቸውም፤ እሳቸውም አልተናገሩም። አቧራውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉና «ጠጠር ከወደቀ ክርክር የለም» ብለው፣ ከአንዱ ጎረምሳ እጅ ዶማ ተቀብለው ቦዩን ራሳቸው ወደ ታች ቤት አዞሩት።

ውሃው ቀጭን ነበር፤ ታች ቤት የደረሰውም ከሰዓት በኋላ ነው ይባላል። አህዮቹ ግን እዚያው ምንጩ አጠገብ ተራገፉ። አትጠገብም ሕፃኑን ለባሏ ወንድም ለጓንጉል ልጆች አስይዛ… እንዲያውም አንዳንዶች ለዘውገ ራሱ አሳቀፈችው፣ እሱም እንዳይወድቅበት ፈርቶ ሳይነቃነቅ ዋለ ይላሉ።

ታች ቤቶች የሚጨምሩት አለ። የእነሱ ተራ ማለቂያ ሲደርስ ጓንጉልም በራሱ ባዶ ጉድጓድ ጠጠር ጥሎ «እኛም ቤት ሞልቷል» አለ፣ ውሃውም ወደ ላይ ቤት ተመለሰ ይላሉ። ላይ ቤቶች ይህን ሲሰሙ ፈገግ ይላሉ እንጂ አይክዱትም። ዘውገ ግን መሐላውን በአደባባይ ስላፈረሰ ዳግመኛ ጠባቂ ሊሆን አልፈቀደም። ዝናቡ ከተመለሰ በኋላ፣ ምንም የሚጠብቀው ነገር ሳይኖረው፣ በየቀኑ ወደ ድንጋዩ እየመጣ ከጓንጉል ጋር ይጫወት ነበር። አርጅተው ዓይናቸው ደክሞ፣ ጠጠሩን በዳሰሳ እየቆጠሩ ሲጫወቱ ያየ ሰው ለልጆቹ ተናግሯል፤ ልጆቹም ለእነዚህ ሽማግሌዎች።

ከዚያ ወዲህ በሾላ ምንጭ ገበጣ ተቃራኒውን ባዶ ያደረገ ሰው አሸነፈ አይባልም፤ ከራሱ አንሥቶ ይሰጥና ጨዋታው ይቀጥላል። የውሃው ተራም አምስተኛው ሲሞላ ያበቃ ጀመር፤ ስድስተኛው በቃል ይሞላል።

ዛሬ ቦዩ በሲሚንቶ ተሠርቷል፤ ተራውም በሰዓት ይቆጠራል። ሸምበቆ የሚቆርጥ ሰው የለም፤ ውሃ የሚስቡ ሞተሮች ከታች ይጮኻሉ፤ ድንጋዩ ላይ ሲጫወቱ የሚውሉት ሽማግሌዎችም ከዓመት ዓመት እያነሱ ነው። ቢሆንም ድንጋዩን ቀረብ ብሎ ያየ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። በላይ ቤት ረድፍ ያሉት አምስት ጉድጓዶች ውስጣቸው ዙሪያውን ውሃ የተወው ነጭ መስመር አላቸው። ስድስተኛው ድሮ ኖሮት እንደሆነም ዛሬ የለውም። የስድስተኛው ወለል ግን በጠጠር ብዛት ከሁሉም ይበልጥ ለስልሷል።

መስኖው በሚከፈትበት ማለዳም የላይ ቤቱ ሰው በዚያ ጉድጓድ ላይ ጎንበስ ይላል፤ ጣቱን ያስገባል፣ በልብሱ ይጠርጋል፣ እንደገና ያስገባል። የታች ቤት ሰዎች ከኋላ ሆነው «ኧረ አርጅቶ ሊሞት ነው» እያሉ ይስቃሉ። ጠጠሯ ትወድቃለች።

«ሞልቷል።»

«አልሞላም።»

«ሞልቷል።»