ያልወጣችው መርፌ

የመጥረጊያ ሠሪዎቹ ማኅበር አባላት ክርክር ሲጦፍ የሚወረውሯት አንዲት አባባል አለች። ከጥንት መጽሐፍ የተቀዳች የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ ተሳስቷል። የተወለደችው እዚያው አዳራሽ ውስጥ፣ በሣር ብናኝ መካከል፣ ከአንድ ቁጡ ጠበቃ ጣት ሥር ነው።

የማኅበሩ ጠበቃ ቢተው እንደ አባላቱ ሁሉ ዓይነ ስውር ነበር። ምላሱ ስለት፣ ትዕግሥቱ የክብሪት እንጨት። ያን ሰሞን በባትሪ የሚሠራ የብሬል መጻፊያ ማሽን አገኘ። ማሽኑ መጽሐፍ ያህላል፤ በፊቱ ላይ ጥቃቅን መርፌዎች ብቅ ጥልቅ እያሉ የተጻፈውን አንድ አንድ መስመር ለጣት ያቀርባሉ። ከዚያ ወዲህ በብሬል ሰሌዳና በመውጊያ ብረት ወረቀት እየወጋ የሚጽፈውን ሁሉ «ጫማ ሰፊ» ይለው ጀመር። ስድቡ በተለይ የሚያርፈው ሠላሳ ዓመት ቃለ ጉባኤ በያዙት በጸሐፊው በጋሽ ልሳነወርቅ ላይ ነበር።

የመጥረጊያ መሥሪያው የኪራይ ቤት ነው። ውል ለማደስ ማመልከቻ የሚገባበትን የመጨረሻ ቀን የአከራዩ መልእክተኛ በስብሰባ ላይ አንብቦላቸው፣ ደብዳቤውን ይዞ ሄዷል፤ ቀኑን ቢተው በማሽኑ፣ ጋሽ ልሳነወርቅ በወረቀት ጽፈውታል። ጋሽ ልሳነወርቅ ማመልከቻውን ግንቦት ሰባት አስገቡ። ከአከራዩ መልስ ጠፋ፤ ስልክም አያነሣ። በዚህ መሀል ቢተው ማሽኑን ሲዳስስ «እስከ ግንቦት 5» ይላል። ስብሰባ አስጠራ።

«ሁለት ቀን አሳልፈሃል!» አለ፤ አንቱታውን ጥሎታል። «ሃያ ስድስት ቤተሰብ ጎዳና ልታወጣ ነው!»

«እኔ የጻፍኩት ስምንት ነው» አሉ ጋሽ ልሳነወርቅ። «ወረቀቱ ይኸው፣ ዳስሰው።»

ቢተው ዳሰሰው። ስምንት ነበር። ሊያረጋጋው ሲገባ ይብሱን አነደደው። በብሬል አምስትና ስምንት የሚለያዩት በአንዲት ነጥብ ነው፤ አምስት ላይ አንዲት ነጥብ የወጋ ሰው ስምንት አደረገው ማለት ነው።

«ወግተህ ጨምረሃታል! ጥፋትህን ልትሸፍን! ለጫማ ሰፊ አንዲት ቀዳዳ ምን ታቅተዋለች?»

ቃለ ጉባኤ መሰረዝና መደለዝ በዚያ ማኅበር ከሌብነት ይከፋል። ሊቀመንበሯ ወይዘሮ ውድነሽ ጉሮሯቸውን ጠራርገው፣ «ጋሽ ልሳነወርቅ ይሰናበቱ የምትሉ፣ በተራ በተራ» አሉ። እጅ ቢያወጡ ማንም አያይም፤ ስለዚህ ድምፅ የሚሰጡት በትራቸውን ወለሉ ላይ በመምታት ነው። ቷ! ከፊት ረድፍ። ቷ! ቷ! ዘጠኝ ደረሰ።

«ቢተው ልጄ» አሉ ሽማግሌው ቀስ ብለው፣ «ማሽንህን የት ነው የምትከፍተው?»

«እዚሁ መሥሪያው ውስጥ ነዋ!»

«ሣሩ በሚቦንበት። እስቲ ከቁጥሩ በፊት አንድ ባዶ ቦታ ጨምርና ቁጥሩን ወደ ጎን ግፋው። ሌሎቹ መርፌዎች ላይ ይውረድ።»

«ማሽን እንዳንተ አይጃጅም!» አለ። ግን ሊያሳፍራቸው ፈልጎ ገፋው።

ከጣቱ ሥር ስምንት ተነሣ።

መለሰው፤ አምስት። ገፋው፤ ስምንት። መጀመሪያ ቁጥሩ ባረፈበት ቦታ ላይ አንዲት መርፌ ብናኝ ይዟት አትወጣም። ፊደል ገደፈ ብሎ ባለፈው ሳምንት ያንጓጠጠው የገዛ ቢሮው ጸሐፊ ትዝ አለው፤ ያም የዚህችው መርፌ ጥፋት ሳይሆን አይቀርም።

ማንም አላወቀም። በአዳራሹ ሙሉ ሰው ውስጥ እውነቱን የያዘች የእርሱ አንዲት ጣት ብቻ ናት። ማሽኑን ቢያጠፋውስ? «ያው አምስት ነው» ቢልስ?

«ምን ይላል?» አሉ ወይዘሮ ውድነሽ።

ቢተው ጣቱን ከመርፌዎቹ ላይ አላነሣም።

«ጠበቃው ምላሱን ዋጠ እንዴ?» አለ አንዱ ከኋላ። ሌላው በትሩን ሊመታ ሲያነሣ ቢተው ሰማ። አሥረኛው ነው።

«አትምታ!» ጮኸ ቢተው። ከዚያ ድምፁ ወረደ። «ስምንት ነው። አንዲት መርፌ አልወጣ ብላ ነው… አይ፣ ማሽኑ ምን አደረገ። እኔ ነኝ። ጋሼ፣ እርስዎ አልወጉም።»

በትሮቹ አንድ በአንድ ቀስ ብለው ወለሉ ላይ ዐረፉ። ጋሽ ልሳነወርቅ የወረቀቱን ነጥቦች ሲዳብሱ ይሰማ ነበር።

«አምጣው» አሉ በመጨረሻ። «ጫማ ሰፊው በደረቅ ብሩሽ ይጥረግልህ።»

ማንም አልሳቀም። ወይዘሮ ውድነሽ በትራቸውን አንድ ጊዜ ወለሉ ላይ መቱና እስከ ዛሬ የሚባለውን ቃል ተናገሩ፦ «ሰውን ከመክሰስህ በፊት ነጥብህን ቁጠር።»