ሽኮኮና ሁለቱ ኃያላን

ተረት ልንገራችሁ፤ ጠጋ ጠጋ በሉ።

እንስሳት ድንበር ለይተው፣ አገር አገር ይዘው በሚኖሩበት ዘመን፣ በምሥራቅ የአያ አንበሳ አገር፣ በምዕራብ የአያ ጅቦ አገር ነበረ። በመካከላቸው ያለችው አንዲት ቋጥኝ ደግሞ የእመት ሽኮኮ አገር ነበረች። ሽኮኮ ጥርሷ ትንሽ፣ ልጆቿ ብዙ። ሀብቷ ከቋጥኟ ሥር የምትፈልቅ ምንጭና አንድ ወሬኛ ቅል ብቻ።

በጋው በረታ፤ ወንዙ ሁሉ ደረቀ። አያ አንበሳ መጣ።

«ሽኮኮ፣ ከዛሬ ጀምሮ ወዳጄ ነሽ። ለጅብ ውሃ ከሰጠሽ ግን ልጆችሽን ቁርስ አደርጋቸዋለሁ!»

«እሺ ጌታዬ፣ ላስብበት» አለች።

በማግስቱ አያ ጅቦ መጣ።

«ሽኮኮ፣ ከአንበሳ የማድንሽ እኔ ነኝ። ለእሱ ውሃ ከሰጠሽ ግን ልጆችሽን እራት አደርጋቸዋለሁ!»

«እሺ ጌታዬ፣ ላስብበት» አለች።

«አይ እመቤቴ! ቁርስም እራትም ሆንን፤ የቀረን ምሳ ነው» አለ ቅል።

«ዝም በል፣ እያሰብኩ ነው።»

ለአንዱ ብትወግን ሌላው ልጆቿን ይጨርሳል። እምቢ ብትል ሁለቱም።

በሦስተኛው ቀን ሁለቱም ሠራዊት አስከትለው መጡ፤ ከምንጩ ዳርና ዳር ቆመው ተፋጠጡ። ምላሳቸው በጥም ተንጠልጥሏል፤ ግን አንዱም አይጠጣም።

«ምነው ጌቶቼ?»

«ጅብ ትናንት እዚህ ነበር። መርዝ ጨምሮበት ቢሆንስ?» አለ አንበሳ።

«ከትናንት ወዲያስ አንተ አልነበርክም?» አለ ጅብ።

ይህን ጊዜ ሽኮኮ ብልሃቱ ታያት።

«በእኛ ቤት ወግ፣ ባለቤት ሳይቀምስ እንግዳ አይጠጣም» ብላ በቅሉ ቀድታ ጠጣች። ልጆቿንም ጠርታ አጠጣች። ኃያላኑ አፍጥጠው ጠበቁ፤ የሞተ የለም። እነሱም ከየዳራቸው ጎንበስ ብለው ጠጡ።

አያ አንበሳ ሲረካ፣ «ጎበዝ! ነይ ከዋሻዬ ግቢና የኔ ቀማሽ ሁኚ» አላት።

«ከዋሻዎ ከገባሁማ አያ ጅቦ መቼ ያምኑኛል? ካላመኑኝ አይጠጡም፤ ከጠማቸው ይዋጉዎታል። ለሁለታችሁም የምቀምሰው የማናችሁም ሳልሆን ነው።»

ጅብ ራሱን አከከ። «እውነቷን እኮ ነው!»

«ልጆቼስ?» አለች ሽኮኮ።

«እነሱን ማን ይነካል!» አለ አንበሳ። «ቀማሾች አይደሉም እንዴ?»

ከዚያ ወዲህ በየበጋው፣ የሽኮኮ ትንሿ ልጅ እየተንቀባረረች ጠጥታ እስክትጨርስ፣ አንበሳና ጅብ ምራቃቸውን እየዋጡ ይጠብቃሉ።

አገርም እንዲሁ ናት ልጆቼ፤ ትንሽም ብትሆን፣ ኃያላን እኩል ካመኗት የሚውጣት የለም። ተረቴ እዚህ ላይ አረፈች፤ እናንተም በሰላም ግቡ።